ከዓሣው ገንዳ ሥር ስለሚቀመጠው ገንዳ፤ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ አንባቢ፦

መካነ ኢየሱስ ከተማ ይኑሩ፣ ስማዳ ወይም ጋይንት፣ ቤትዎ ውስጥ ወይም በሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት አኳሪየም ሠርተው ዓሣ ለማኖር አስበው ከሆነ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው። ስለ ዓሣው ውበት ብዙ አልጽፍም፤ እሱን ዓይንዎ ይነግርዎታል። የምጽፍልዎ ከዋናው ገንዳ ሥር ተደብቆ ስለሚቀመጠው ሁለተኛ ገንዳና እሱን ከምን ከምን መሥራት እንደሚሻል ነው።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው ፊት ለፊት በሚታየው መስታወት፣ በመብራቱና በጌጡ ላይ ነው። ዓሣው የሚሞተው ግን በውሃው ነው። ዓሣ ከሰውነቱ የሚያስወግደውን ቆሻሻ አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል በአሞኒያ መልክ ያስወጣል። ይህ አሞኒያ ጥቂት እንኳ ቢጠራቀም መልሶ ዓሣውን ይመርዘዋል። በወንዝና በሐይቅ ውስጥ ይህን መርዝ የሚያጠፉት በድንጋይና በአሸዋ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላኛው ወገን ናይትራይቱን እምብዛም ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጡታል። በአኳሪየም ይህ ሥራ የሚሠራው በታችኛው ገንዳ ነው፤ አርቢዎች ሳምፕ ይሉታል። ከላይኛው ገንዳ የተረፈው ውሃ በቧንቧ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ እዚያ ዝቃጩን ይጥላል፣ በስፖንጅና በድንጋይ መካከል ያልፋል፣ በመጨረሻም ትንሽ ፓምፕ ወደ ላይ ትመልሰዋለች።

እንግዲህ ለዚህ ሥራ ዕቃ ሲመርጡ ከዋጋውና ከመልኩ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቁ ዘንድ እመክርዎታለሁ። ይህ ዕቃ ወራት ውሃ ውስጥ ሲቆይ ምን ይለቃል? መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆምስ ምን ይከተላል? እነዚህን ሁለቱን በቅጡ የመለሰ ሰው የቀረውን በቀላሉ ይወጣዋል።

ከመያዣው ልጀምር። ለሳምፕ ከመስታወት ይልቅ ፕላስቲክ ይሻላል ባይ ነኝ። መስታወት ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ምንም ነገር አይለቅም፣ ውስጡ የሚሆነውንም ያሳያል። ነገር ግን ከባሕር ዳር ወይም ከደብረ ታቦር በመኪና ተጭኖ የሚመጣ መስታወት ለመሰበር ቅርብ ነው፣ ለመቁረጥና ለማጣበቅም የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ሳምፕ ደግሞ ከቁም ሳጥን ውስጥ ስለሚገባ ማማር አይጠበቅበትም። ያን ገንዘብ ለጥሩ ፓምፕ ቢያደርጉት ይጠቀማሉ።

የሚይዙትን ፕላስቲክ ሥሩን ገልብጠው ይመልከቱ። ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ውስጥ 2 ወይም 5 ቁጥር ካለ ለምግብና ለውሃ መያዣ ከሚያገለግሉት ዓይነቶች ነው። ለመጠጥ ውሃ የሚገዛው ሮቶ፣ ክዳን ያለው ትልቅ ባልዲ፣ ወፍራም ሳፋ፣ ከላይ የተቆረጠ የምግብ ዘይት ጀሪካን ሁሉም ይሆናሉ። የዘይት ጀሪካን ከሆነ ግን በሙቅ ውሃና በአመድ ደጋግመው ይጠቡት። በውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ስስ የዘይት ሽፋን አየር ወደ ውሃው እንዳይገባ ስለሚያግድ ዓሣውን ያፍነዋል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፤ በገጠራችን የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት የመጣበት ዕቃ ታጥቦ ለሌላ ሥራ ሲውል ይታያል። ያ ዕቃ ለዓሣም ሆነ ለሰው ውሃ ከቶ አይሁን። ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ወደ ውስጡ መጥጦ ቀስ በቀስ ይለቀዋልና ምንም ያህል ቢታጠብ አይነጻም። ከዚህ በፊት ምን እንደያዘ ሻጩ ሊነግርዎ ያልቻለውን በርሜልም ይተዉት።

በፕላስቲክ ሲሠሩ የሚገጥምዎት አንድ ችግር አለ። ሲሊኮን ከእንዲህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ጋር አይያያዝም፤ ዛሬ የተጣበቀ ቢመስልም ከሳምንታት በኋላ እንደ ቆዳ ተልጦ ይነሣል። ስለዚህ በሳፋው ውስጥ መከፋፈያ ግድግዳ ለማጣበቅ አይድከሙ። ይልቁንስ ሥራውን በባልዲ ይከፋፍሉት። ሥሩ የተበሳሳ ባልዲ ስፖንጅ ይይዛል፣ ሌላ የተበሳሳ ባልዲ ድንጋይ ይይዛል፣ ሁለቱም በሰፊው ሳፋ ውስጥ በጥቁር ድንጋይ ተደግፈው ይቆማሉ፣ ፓምፑ ከነሱ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ባልዲውን አንሥቶ ማጠብም ከተጣበቀ ክፍል ውስጥ በእጅ ከመቧጠጥ ይቀላል። ቧንቧ በፕላስቲኩ ግድግዳ በኩል ማስወጣት ካስፈለገዎ በሁለት በኩል በብሎን የሚጠበቅ ማያያዣ ይጠቀሙና ከመካከሉ ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት ያስገቡበት። ያለ ምንም ማጣበቂያ ውሃ ይይዛል።

መስታወት ካልሆነ በቀር የሚሉ ከሆነም መንገዱ አለ። ውሃ መስታወቱን የሚገፋው በጥልቀቱ መጠን እንጂ በብዛቱ አይደለም፤ ስለዚህ ረጅም ግን ዝቅ ያለ ገንዳ ያሠሩ። ከ35 ሴንቲ ሜትር ለማያልፍ ቁመት 6 ሚሊ መስታወት ይበቃል። ለመስኮት የሚሆነውን 3 ሚሊ ግን ይተዉት። ሲሊኮኑ ቱቦው ሲከፈት አቼቶ አቼቶ የሚሸተው፣ ምንም ያልተቀላቀለበት ዓይነት ይሁን። በቱቦው ላይ ለመታጠቢያ ቤት ወይም ሻጋታ የሚከላከል የሚል ከተጻፈበት አይግዙት፤ ሻጋታውን የሚገድለው መድኃኒት ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ ሳምንት ያህል ይታገሡት፤ ከዚያ ውሃ ሞልተው አንድ ቀን አሳድረው ይድፉት።

ስለ ብረት አጭር ልናገር። መዳብ ለዓሣ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቀንድ አውጣና ሽሪምፕማ በጣም በጥቂቱ ይሞታሉ። ነሐስ ውስጡ መዳብ አለበት፤ ስለዚህ ለቤት ውሃ የሚሠራው የነሐስ መዝጊያ ውሃው ዘወትር በሚመላለስበት መንገድ ላይ አይግባ። የቤት ክዳን ቆርቆሮና የቆርቆሮ ባልዲ የተለበጡበት ዚንክም እንዲሁ ነው። ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የመጀመሪያ ዝናብ ውሃ ለዓሣ የማይመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቧንቧው፣ ጎሚቶውና መዝጊያው ሁሉ ፒቪሲ ይሁኑ፤ ማጣበቂያው አንድ ቀን ይድረቅና በውሃ ይለቅለቅ። በሲሚንቶ የተሠራ ገንዳ ያለው ሰው ደግሞ ሲሚንቶው ኖራ ስለሚለቅ ውሃውን ለሳምንታት እየሞላ መድፋት ይኖርበታል። እንጨት ውሃው ውስጥ አይግባ፤ ባሕር ዛፍም ጽድም ዘይትና ቀለም ይለቃሉ። ቺፑድም ለመቆሚያ አይሁን፤ ሳምፕ ያለበት ቦታ ጠብታ አያጣውም፣ ቺፑድ ደግሞ ጠብታ ከነካው ያብጥና ይፈርሳል። 200 ሊትር ውሃ 200 ኪሎ መሆኑን አይርሱ፤ የመስታወቱና የአሸዋው ሲጨመር ከሁለት ኩንታል በእጅጉ ያልፋል። ከብረት ቱቦ የተበየደ፣ ጸረ ዝገት የተቀባ መቆሚያ ይሻላል፤ ወለሉም ምርጊት ከሆነ እግሮቹ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደልደል።

አሁን ደስ የሚለኝ ክፍል ላይ ደረስሁ፤ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩበት ዕቃ። በውጭ አገር ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ የሸክላ ቀለበትና የፕላስቲክ ኳስ አለ፤ ዋጋው ግን ከዓሣው ይበልጣል። እኛ አገር ከመሬት የሚዛቅ አለን። ግንበኞች ሬድ አሽ የሚሉት ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ነው። አንዷን ጠጠር ሰብረው በእጅዎ መካከል ይዩዋት፤ ውጪዋም ውስጧም ሸካራ ነው፣ እያንዳንዱ ጉድጓድም የባክቴሪያ ማደሪያ ነው። ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ በሚወስደው አገር እንዲህ ያለው ድንጋይ የሞላባቸው ኮረብታዎች አሉ፤ ለመንገድና ለግንባታ ስለሚውል የግንባታ ዕቃ የሚያመላልሱ ሰዎች ያውቁታል። ከለውዝ ከፍ ከእንቁላል ያነሰውን ይምረጡ፤ ከዚያ ካነሰ ይደፍናል። የሚለቀው ውሃ ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ይጠቡት፤ ብዙ ውሃ ይጨርሳል፣ አይሰልቹ።

ሬድ አሽ ካላገኙ ገል ይፈልጉ። የተሰበረ ጀበና፣ እንስራ ወይም ድስት ብርጭቆ ያልተለበጠበት የተተኮሰ ሸክላ ነውና ውሃ ይመጥጣል፣ ባክቴሪያም ይይዛል። ቅባት የጠጣ የወጥ ድስትና እጣን ሲጨስበት የኖረ ገል ግን አይሁን፤ የውሃ እንስራ ስባሪ ከሁሉ ይመረጣል። የሃይላንድ ክዳንም ያገለግላል። በየቤቱ የሚጣል ነው፤ በመቶ የሚቆጠር ክዳን በጆንያ መረብ ታጭቆ ባልዲ ውስጥ ቢገባ ውሃው በመካከሉ ተንቆርቁሮ እያለፈ አየር ያገኛል። ስፖንጁ ሽታና ሳሙና የሌለበት ይሁን፤ ከድንጋዩም በፊት ይቀመጥ። ዝቃጩ መጀመሪያ በስፖንጁ ካልተያዘ የድንጋዩን ቀዳዳ ይደፍናል፤ የተደፈነ ድንጋይ ደግሞ ከተራ ጠጠር አይሻልም።

ድንጋይን የሚመረምሩበት ቀላል ዘዴ በእጅዎ ነው። ሎሚ ቆርጠው ጭማቂውን በደረቁ ድንጋይ ላይ ጠብ ያድርጉ፤ ሎሚ ከጠፋ አቼቶ ይተካዋል። አረፋ አውጥቶ ከተንጨረጨረ ውስጡ ኖራ አለ፤ ውሃውን እያከበደ የኮምጣጣነቱን መጠን (ፒኤቹን) ይለውጠዋል። የጉና ተራራ ዙሪያ ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ የፈጠረው ነውና በአብዛኛው ዝም ይላል። የሳይንስ ክበብ ያላችሁ መምህራን ደግሞ ከዚህ ያለፈ መሥራት ትችላላችሁ። የምትጠራጠሩትን ዕቃ ሁሉ በየብልቃጡ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ለሁለት ሳምንት አስቀምጡ፣ አንድ ብልቃጥ ውሃ ብቻውን ይቀመጥ፣ ከዚያ የሁሉንም ፒኤች በወረቀት ለኩና አወዳድሩ። ተማሪው ኬሚስትሪን በእጁ የሚነካበት እንዲህ ያለ ርካሽ ሙከራ ብዙ የለም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። መብራት ይጠፋል፤ ይህን ለእርስዎ መንገር አያስፈልግም። ፓምፑ ሲቆም በላይኛው ገንዳ ያለው ውሃ መውጫው ቧንቧ አፍ ድረስ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፤ ፓምፑ ውሃ የሚያወጣበት ቱቦም ወደ ኋላ ይስበዋል። በቁጥር ላሳይዎት። ላይኛው ገንዳ 100 ሴንቲ ሜትር በ40 ቢሆን እያንዳንዱ የውሃ ሴንቲ ሜትር 4 ሊትር ነው። የዚሁ የፓምፑ ቱቦ አፍ ከውሃው ወለል 10 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ከተቀመጠ መብራት በጠፋ ቁጥር 40 ሊትር ወደ ታች ይወርዳል፤ ሳምፑ ውስጥ የ40 ሊትር ባዶ ቦታ ከሌለ ውሃው የሚያድረው ወለልዎ ላይ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቱቦው አፍ ከውሃው ወለል ከሁለት ሴንቲ ሜትር በላይ አይጥለቅ፤ ወይም ከወለሉ ጥቂት ዝቅ ብሎ ቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ይበሳ፤ ውሃው ቀዳዳው ድረስ ሲወርድ አየር ገብቶ መሳቡን ይቆርጠዋል። ቀዳዳውን አልጌ እንዳይደፍነው አልፎ አልፎ በመርፌ ይወጋ። ሳምፑም ቢያንስ የላይኛውን ሲሶ ይያዝ፤ ሲሠራም እስከ ግማሹ ብቻ ይሞላ። ከዚያ ዓሣ ሳይገባ ፓምፑን ሆን ብለው ነቅለው ውሃው የት ድረስ እንደሚወጣ በምልክት ይያዙ። ከዚያ ምልክት በላይ ፈጽሞ አይሙሉ።

ውሃውን ከላይ የሚያወርደው ቧንቧ የገንዳውን ግድግዳ በስቶ ቢያልፍ ይሻላል። ግድግዳውን ተሻግሮ በመሳብ ብቻ የሚሠራ ቧንቧ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አየር ይዞ ይቆምና ፓምፑ ብቻዋን ትገፋለች፤ የዚህ መጨረሻ ጎርፍ ነው። መስታወቱ ገና ሳይጣበቅ መስታወት ቆራጩ እንዲበሳው ያዝዙ። የተጠበሰ ጠንካራ መስታወት ከሆነ ግን ሲበሳ ሙሉው ይረግፋልና አስቀድመው ይጠይቁ። የሚያወርደው ቧንቧ ከሚያወጣው ቢያንስ በእጥፍ ይስፋ።

ፓምፕ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ሊትር ምንም ከፍታ ሳይኖር የተለካ ነው። አንድ ሜትር ሽቅብ ስትገፋ ግማሹን ብቻ የምትሰጥ ብዙ ናት። ለ200 ሊትር ገንዳ በሰዓት ከ600 እስከ 1000 ሊትር ላይኛው ገንዳ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ከ1500 የማያንስ ይፈልጉ። የኤሌክትሪክ ገመዱ ወደ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ ይቀልበስ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ ሳይገባ ከመታጠፊያው ላይ ይንጠባጠባል። እጅዎን ውሃ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ሁልጊዜ ይንቀሉ። የፀሐይ ኃይል ያለው ቤት ባለ 12 ቮልት ፓምፕ ቢመርጥ የመብራት መጥፋቱንም የኤሌክትሪክ አደጋውንም ያቃልላል።

ይህ ሁሉ ለደጋ ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል። መካነ ኢየሱስ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ቢያንስ በአንድ አምስተኛ ያንሳል። በቆላ ከተማ የተጻፈ መመሪያ በዚህ ልክ ባለ ገንዳ ይህን ያህል ዓሣ ይኖራል ቢል እርስዎ ቀንሰው ይጀምሩ። ውሃው ከላይ ሲወርድ እንዲዘል ያድርጉት፤ መዝለሉ አየር ያስገባል። መብራት ከሁለትና ከሦስት ሰዓት በላይ ከጠፋ በማንቆርቆሪያ ከገንዳው ቀድተው ከክንድ ከፍታ መልሰው ወደ ውስጡ ያንቆርቁሩ፤ ደጋግመው ካደረጉት ዓሣው የውሃው ወለል ላይ አፉን ከፍቶ ማለክለኩን ይተዋል። ድንጋዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎችም አየር ይፈልጋሉ፤ ብዙ ሰዓት በቆመ ውሃ ከቆዩ ይሞታሉና ፓምፑን ሲመልሱ መጀመሪያ የሸተተውን ውሃ ከሳምፑ ያስወግዱ።

ገንዳው ተሠርቶ ሲያልቅ ዓሣውን አይቸኩሉበት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ክፍት ሆኖ ቢያንስ አንድ ቀን ይደር። ባክቴሪያው እስኪራባ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ በቀዝቃዛው አገራችን ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ቆንጥረው የዓሣ ምግብ እየጣሉ ውሃው እንዲዞር ይተዉት፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ዓሣ ያስገቡ። ድንጋዩንና ስፖንጁን በበረኪናም ሆነ ከቧንቧ በቀጥታ በሚወርድ ውሃ አይጠቡ፤ ከገንዳው ራሱ በተቀዳ ውሃ ያለቅልቋቸው።

ዓሣውም ቢሆን የደጋችንን ብርድ የሚችል ይሁን። ከሐሩር አገር የመጡት ባለ ቀለም ዓሦች 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ፤ ማሞቂያው ከፓምፑ ብዙ እጥፍ መብራት ይበላል። ጎልድፊሽ ያለ ማሞቂያ ይኖራል፣ ነገር ግን ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያቆሽሻል፤ ሰፊ ሳምፕ የሚያስፈልገውም ለእሱ ነው።

ናይትሬቱን የሚመጥ ተክል በሳምፑ ላይ ማብቀል ጥሩ ልማድ ነው። ቀጤማ ሥሩን ውሃው ውስጥ አድርጎ ይበቅላል፣ ናናም እንዲሁ። እምቦጭን ግን በፍጹም። ውሃ እንደሚያጠራ፣ አበባውም እንደሚያምር አውቃለሁ፤ ከደቡብ አሜሪካ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰው ለጌጥ ተብሎ በሰው እጅ እየተወሰደ ነው። በጣና ሐይቅ ላይ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2011 ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ የደምቢያና የፎገራ ገበሬ እስከ ወገቡ ውሃ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል። የጉማራ ወንዝ ከጉና ግርጌ ተነሥቶ ወደ ጣና ይገባል፤ በክረምት ደግሞ ከጣና በቀር በየትም የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት የሚወጡት ወደዚሁ ወንዝና ወደ መሰሎቹ ነው። ወደ ጉማራ በሚፈስ ጅረት የተጣለች አንዲት ቁራጭ እምቦጭ ወይም አንድ ጥንድ የውጭ ዓሣ የሚደርሱት እዚያ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ከላይ ከዘረዘርሁት ዕቃ ያሻዎትን ቢለውጡ ቅር አይለኝም፤ ይህን ግን እለምንዎታለሁ። ከገንዳዎ የሚወጣውን ውሃ ወደ ጅረት አይድፉ፤ ጓሮ ላለው ጎመን ያጠጡት፣ ናይትሬቱ ማዳበሪያ ይሆነዋል። ማኖር የሰለቹትን ዓሣም ለሚፈልገው ሰው ይስጡት እንጂ ወንዝ ውስጥ አይልቀቁት።

አክባሪዎ